ሆዴ ሳይከፈት የተሰበረው ጠጠር

ጀውሃ ላይ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር፣ ምግብ ቤት አለኝ። ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሹፌሮች የእኔን ጥብስ ሳይቀምሱ አያልፉም። ራሴን ለማሞገስ አይደለም፤ በራፌ ላይ የሚቆመውን መኪና ያየ ይመሰክራል። ይህን የማነሳው ቀልቤ የት እንደነበረ እንድታውቁልኝ ነው። ሥራ የሚወድ ሰው ሕመሙን አያዳምጥም። ሆዴን ሲቆርጠኝ ከእሳቱ ነው፣ ጎኔን ሲወጋኝ ከመቆም ነው፣ ሲያቅለሸልሸኝ ከሙቀቱ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። የእኛ የይፋት ቆላ ሙቀት ደግሞ ለሁሉም ነገር ሰበብ ይሆናል።

ሕመሜ ጾም ያውቅ ነበር ብል ትስቁ ይሆናል፤ ግን እውነት ነው። ሁዳዴን በሙሉ ሽሮና ጎመን እየበላሁ ደህና ከረምኩ። ፋሲካ ዕለት ቅቤ የጠገበ ዶሮ ወጥ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ከቀኝ ጎድኔ ሥር አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ፤ ወደ ጀርባዬ ዞረ፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ወጣ። እንግዶቹ ሳሎን እየተጫወቱ እኔ ጓዳ ገብቼ፣ ተንበርክኬ፣ ግንባሬን የጤፍ ከረጢት ላይ ደፋሁ። ትንፋሽ አጠረኝ። ድሮም አስም አለብኝ፣ ያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

“ጾም ሲፈታ እንዲህ ነው፣ ጨጓራ ነው” አለች ታላቅ እህቴ ወርቅነሽ። እኔ እትዬ ወርቄ ነው የምላት። እናታችን ካረፈች ወዲህ እናቴም እሷ ናት፤ ቤታችን ውስጥ ከቃሏ የሚወጣ የለም። ተልባ በጥብጣ አጠጣችኝ። ሕመሙም እንደ አመጣጡ ሄደ፤ ተልባዋም ተመሰገነች።

ክሊኒክ ስሄድም ጨጓራ አሉኝ። የጨጓራ ኪኒን ይዤ ተመለስኩ። እዚያ የነበረ አንድ ሐኪም ብቻ “ጠጠር ይሆን እንዴ?” ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ሳቅኩበት። ከዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ሆዴ ተከፍቶ የሐሞት ከረጢቴ ከነጠጠሩ ወጥቷል። “ልጄ፣ ከረጢቱ ከሌለ ጠጠሩ ምን ውስጥ ይቀመጣል?” አልኩት። እሱም ፈገግ ብሎ ተወው። ባይተወው ጥሩ ነበር፤ እኔም ያን ያህል አፍ ባይኖረኝ ጥሩ ነበር።

ክረምቱ እንዲሁ መጣ መጣ፣ ሄድ ሄድ ሲለኝ አለፈ። መስከረም ላይ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር። በሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስከረም የሚንቀጠቀጥ ሰው ምን ይባላል? ወባ ነዋ! የጣቴ ደም ሲመረመር ወባ የለም ቢባልም አላመንኩም። ጎረቤት የተረፈ የወባ ኪኒን ነበር፣ እሱን ዋጥኩ። ማንም አላዘዘልኝም፤ እኔው ነኝ ያዘዝኩት። ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ ወረደና ኪኒኑ አዳነኝ ብዬ አወራሁ።

ቢጫነቱን መጀመሪያ ያየችው ፋጡማ ናት። ፋጡማ ከምግብ ቤቴ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ማንጎ የምትሸጥ፣ የልጅነት ጓደኛዬ ናት። ሽንኩርት ልገዛ ስሻገር አገጬን ያዘችኝ።

“አስኑ፣ እስቲ ወደ ፀሐይ ዙሪማ።”

“ምን ሆንኩ?”

“ዐይንሽ እርድ መስሏል፣ ወላሂ!”

መስታወት ሳይ እውነቷን ነው። ሽንቴ እንደ ጥቁር ሻይ ከጠቆረ ሰንብቷል፤ ዓይነ ምድሬ ደግሞ እንደ አመድ ነጥቷል። ለማን ይነገራል? ሰውነቴንም ያሳክከኝ ነበር። የማሳከኩን ነገር ያልደረሰበት አያውቀውም። ቀን ቀን በሥራ እረሳዋለሁ፤ ማታ ግን መዳፌንና ውስጥ እግሬን እያከክሁ፣ ባሌ ታደሰ እንዳይነቃ አፌን በአንሶላ ይዤ አለቅስ ነበር። በእነዚያ ሌሊቶች ልጆቼን ማን ይድርልኛል እያልኩ እፈራ ነበር።

በእኛ አገር ዐይን ቢጫ ከሆነ የበሽታው ስም አንድ ነው፣ የወፍ በሽታ። የሌሊት ወፍ ስትበር ጥላዋ ያረፈበት ሰው ይይዘዋል ይባላል። ደንቡም የታወቀ ነው፤ የወፍ በሽተኛ መርፌ አይወጋም። መርፌ ከነካው ይሞታል። ማን እንደደነገገው አላውቅም። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ አምኜዋለሁ፣ ለሌላም ሰው መክሬበታለሁ።

እትዬ ወርቄ ሳትውል ሳታድር ከማጀቴ ከተማ ወዲያ ወዳሉ፣ የወፍ መድኃኒት ወደሚሰጡ ሰው ወሰደችኝ። ትሑት ሰው ናቸው፤ አልዋሹኝም፣ አላታለሉኝም። የሚያውቁትን ቅጠል ጨምቀው በባዶ ሆዴ አጠጡኝ። “ሥጋ እንዳትበዪ፣ ቅባት እንዳትነኪ። መርፌ ደግሞ አደራሽን!” ብለው ሸኙኝ። ቅባት ስተው ሕመሙ ቀለል አለኝ። ቅቤ ስላልበላሁ መሆኑን ማን ያስብ! መድኃኒቱ ሠራ ተባለና እትዬ ወርቄ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች። ቢጫው ግን ከዐይኔ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ደረቴ ይወርድ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ድስት እያማሰልኩ እያለሁ ብርዱ ያዘኝ። ያ ሁሉ ሙቀት እያለ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በቁርጥራጭ ነው። ታደሰና ፋጡማ ደግፈውኝ ባጃጅ ላይ ጫኑኝ፤ ጤና ጣቢያ ደረስን። እዚያ ያለችው ነርስ፣ ሁላችንም ሲስተር የምንላት፣ ዐይኔን ገለጥ አድርጋ አየች፤ ጎኔን ጫን ስትለው ጮኽኩ። ወዲያው መርፌና በከረጢት ያለ ፈሳሽ መድኃኒት አወጣች።

“ኢንፌክሽኑ ወደ ደማቸው እየገባ ነው” አለች ለታደሰ። “አሁኑኑ በደም ሥር መድኃኒት ልጀምርላቸው፤ ከዚያ አምቡላንስ ጠርተን ወደ ደብረ ብርሃን እንልካቸዋለን።”

እትዬ ወርቄ ከኋላችን ደርሳ ኖሯል። በእኔና በነርሷ መካከል ገብታ ቆመች።

“የወፍ በሽታ ነው ያለባት! መርፌ እህቴን አይነካትም!”

“እትዬ፣ ጊዜ የለንም።”

“እኔን ውጊኝ፤ እሷን ግን አትነኪያትም!”

ታደሰ አንዴ እሷን፣ አንዴ ነርሷን ያያል። እሱን አልፈርድበትም። ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር እትዬ ወርቄን ደፍሮ ተናግሯት አያውቅም። እኔም ብሆን አልጋው ላይ ተኝቼ መርፌውን እያየሁ፣ ይኼ ነው የሚገድለኝ እያልኩ እንቀጠቀጥ ነበር። ሕመሙን ሳይሆን መርፌውን ነበር የፈራሁት።

ያኔ ፋጡማ ከበሩ አጠገብ ተናገረች። ፋጡማ ጮኻ አታወራም፤ ሽንኩርት እንኳ በለሆሳስ ነው የምትሸጠው።

“እትዬ ወርቄ፣ ወንድሜን ታስታውሺዋለሽ። ዐይኑ ቢጫ ሆኖ ስንት ወር ቅጠል ሲጠጣ ከረመ። ራሱን ሲስት ነው ሐኪም ቤት የወሰድነው። መርፌ ተወጋ፣ በዚያው ዕለት ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። ይኸው እስከ ዛሬ መርፌ ገደለው እንላለን። እኔም እላለሁ። ግን እኮ ወላሂ፣ ስንወስደው ትንፋሹ ብቻ ነበር የቀረው! ሰው ሁሉ መርፌን የሚጠራው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተገኘ ደግሞ ገዳይ ይባላል።”

ፋጡማ ስለ ወንድሟ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ለእሷ ምን ያህል እንደከበዳት ከንፈሯ ይነግር ነበር። እጄን ከብርድ ልብሱ አወጣሁና ለነርሷ ዘረጋሁላት። ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ ሐሞት ያለው ሰው አልነበርኩም፣ ከረጢቱንም አውጥቼዋለሁ። ያቺ ጓደኛዬ በወንድሟ ቁስል ላይ ቆማ እየለመነችኝ እንቢ ማለት ስላቃተኝ ነው።

እትዬ ወርቄ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች። ከግቢው ውስጥ ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር፤ እኔ ገና ሳልሞት እሷ ሙሾ ጀምራለች።

አምቡላንሱ ደብረ ሲና ዳገት ላይ ሲደርስ ብርዱ ለቀቀኝና ውኃ ጠየቅሁ። ታደሰ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ደብረ ብርሃን በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ጉበት የሚሠራው ሐሞት ወደ አንጀት የሚወርድበት ቀጭን ቧንቧ አለ። ከረጢቱ ቢወጣም ይህ ቧንቧ ይቀራል። ጠጠር እዚያው ተሸሽጎ ሊቀር ወይም እዚያው አዲስ ሊሠራ ይችላል። ሐሞቱ መውረጃ ሲያጣ ወደ ደም ይመለሳል፤ ዐይንና ቆዳ ቢጫ የሚሆነው፣ የሚያሳክከውም ለዚህ ነው። ታደሰ በመስኖ ሽንኩርትና ማሾ ያመርታል፤ ሐኪሙ ሳይጨርስለት ገባው። “ግድቡ ፈርሷል፣ ቦዩ ግን አለ፤ ቦዩ ውስጥ ድንጋይ ተሰንቅሯል” አለ። ሐኪሙ “በትክክል” አሉት። ባሌ ያን ቀን ኮራ።

መድኃኒቱ ትኩሳቱን ቢያበርደውም ድንጋዩን አላነቃነቀውም። ወደ አዲስ አበባ ተላክሁ። እዚያ ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፌ አስገብተው እስከ ቧንቧው አፍ ድረስ ሄዱ። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ጠጠሩ ተጎትቶ ይወጣለታል። የእኔ ግን ከመውጫው ይልቅ ወፍራም ሆኖ እንቢ አለ። እስከዚያው ሐሞቱ እንዲፈስ ብለው ቀጭን ቱቦ ቧንቧዬ ውስጥ ተዉልኝ፤ ሌላኛው ጫፉ በአፍንጫዬ ወጥቶ ከአንገቴ ሥር ካለች ከረጢት ጋር ተያያዘ። ስነቃ ራሴን በመስታወት ሳይ እንባዬ መጣ። ከረጢቷ ውስጥ ግን ያ ሁሉ ወር የታገደው ሐሞት ሲፈስ አየሁ፤ በማግስቱ ማሳከኩ ጋብ አለ። ያን ሌሊት ስንት ወር ያጣሁትን እንቅልፍ ተኛሁ። ቱቦዬን ወደድኩት ብል አታምኑኝም።

ቀጥሎ የነበረው ምርጫ ሆድ መክፈት ነው። የማደንዘዣ ባለሙያው ሳንባዬን አዳመጠ፤ ደጋግሞ አዳመጠ። ከወጣ በኋላ ዋናው ሐኪም መጥተው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

“እናቴ፣ አስምዎ ከባድ ነው። ሆድዎም ከዚህ በፊት ተከፍቶ ውስጡ ተጣብቋል። መክፈት አይቻልም አልልዎትም፤ ግን ከአልጋው ላይነሡ ይችላሉ። ሌላ መንገድ አለ። የኩላሊት ጠጠር ከውጭ ሆኖ የሚሰብር ማሽን አለ። የእርስዎንም በእሱ እንሞክረው።”

“ጨረር ነው?”

“ሰው ጨረር ይለዋል። ጠጠሩ የት እንዳለ የምናየው በራጅ ነው፤ የሚሰብረው ግን ኃይለኛ ሞገድ ነው። ቆዳዎን አልፎ ጠጠሩ ላይ ይሰበሰባል፣ እየደጋገመ ይመታዋል።”

ታደሰ ጣልቃ ገባ። “ዶክተር፣ እኔ የድንጋይ ካባ ላይ አለት ሲፈነዳ አይቻለሁ። ድንጋዩ ብቻ አይደለም የሚፈነዳው፤ ተራራውም አብሮ ይናዳል።”

ሐኪሙ ሳቁ፤ እኔ ግን የምሥቅበት ጊዜ አልነበረም። ሥጋ ለስላሳ ስለሆነ ሞገዱን ያሳልፈዋል፣ ድንጋይ ግን ደረቅ ስለሆነ ይሰነጠቃል ብለው አስረዱን። አልደበቁንም፤ ላይሠራ እንደሚችል፣ አንዴ ብቻ ላይበቃ እንደሚችል፣ ሕመምም ትንሽ ደምም ሊኖር እንደሚችል ነገሩን። በመጨረሻም “ይህ ካልሆነ ወደ ቢላው እንመለሳለን” አሉ። ይህን ቃል ይዤ ነው የሄድኩት።

ማሽኑ ያለበት ሕንፃ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሁሉ ተሰብስቧል። ሰዎቹ ስለ ጠጠራቸው ሲያወሩ በገበያ የበሬ ዋጋ የሚነጋገሩ ነው የሚመስሉት። “የኔ እንዲህ ያክላል”፣ “የኔ ሾጣጣ ነው”፣ “የኔ እንኳን በግራም በቀኝም ነው” ይባላል። አንድ መምህር ዞር ብለው “የእርስዎስ የትኛው ኩላሊት ነው?” ብለው ጠየቁኝ። “የሐሞት ቧንቧ ነው” ስል ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ በአፍንጫዬ የወጣውን ቱቦ ጭምር። አፈርኩና በነጠላዬ ሸፈንኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

“እኔም ቱቦ አለኝ፤ የማይታይ ቦታ ነው እንጂ” አለችኝ።

ጎኔን እያመመኝ ሳቅሁ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ያቺን ሴት እዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው። ነጠላዬን ገለጥኩና ተራዬን ጠበቅሁ።

ሲጠሩኝ በሆዴ አስተኙኝ። ከሥሬ ውኃ የሞላበት ትራስ መሰል ነገር አለ። በአፍንጫዬ ቱቦ በኩል በራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ አስገቡና ጠጠሩን በስክሪን አገኙት። ማስታገሻ በደም ሥሬ ሰጡኝ፤ ነቅቼ ነበር። ከዚያ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ማለት ጀመረ። የየኔታ ኩርኩም የቀመሰ ያውቀዋል፤ እሱ ነው፣ ግን ከውስጥ። መጀመሪያ ላይ ጥርሴን ነክሼ ነበር፤ ቆይቶ ለመድኩት። ከእያንዳንዱ ምት ጋር በሆዴ “ተሰበር፣ ተሰበር” እለው ነበር። ሥራ የለመደ ሰው ዝም ብሎ መተኛት አይችልም፤ ማሽኑን እያገዝኩት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ተሰነጠቀ እንጂ አልተበተነም። ያን ማታ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ቢላው ፊቴ ላይ መጣብኝ። ታደሰም እግሬን ሲያሸው አደረ። ለሁለተኛ ጊዜ ስገባ ፈርቼ ነበር። ስጨርስ ግን ባለሙያው ወደ ስክሪኑ ጠራኝ። ያ አንድ ወፍራም ጥላ የለም፤ በቦታው የተከካ ማሾ የመሰለ ቅንጣት ተበትኗል። ከዚያ እንደገና በአፌ በኩል ገብተው ቅንጣቱን ጠረጉት። ቱቦዬንም ነቀሉልኝ። ሐኪሙ “ቧንቧዎ ንጹሕ ነው” ሲሉኝ እጃቸውን ይዤ ሳምኩት፤ እሳቸውም ደንግጠው ጎንበስ ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ።

ወጪውን አልደብቅም፣ ከብዶናል፤ የዚያ ዓመት ሽንኩርት እዚያው ገብቷል። ታደሰ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም።

እንደ እኔ ዐይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው ይህን እላለሁ። ቢጫ ዐይን ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ሽንት ከጠቆረ፣ ዓይነ ምድር ከነጣ፣ ብርድ ብርድ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ከረጢቴ ወጥቷል ብሎ መዘናጋትም አያዋጣም፤ እኔን ያየ ይቀጣ። ሞገዱም ለሁሉም ጠጠር አይሆንም፤ ብዙው ሰው ያለ እሱ ይድናል፣ የሚሆነውን የሚመርጠው ሐኪም ነው። እኔ ግን ሆዴ ሳይከፈት፣ በሳንባዬ ልክ ተፈልጎልኝ ዳንኩ።

ወደ ጀውሃ ስመለስ ፋጡማ መንገድ ተሻግራ መጥታ አገጬን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረችኝ። “አልሐምዱሊላህ! ነጭ ነው!” አለችና አቅፋኝ አለቀሰች። እትዬ ወርቄ ግን አልመጣችም። አዲስ አበባ እያለሁ በስልክ “አለሽ?” ትለኛለች፤ አለሁ ስላት ትዘጋዋለች። ከሰነበተች በኋላ አንድ ማለዳ ምግብ ቤቱ ሳይከፈት መጣች። ቆማ ቀረች።

“ተቀመጪ እንጂ እትዬ።”

“ጎኔን ያመኛል” አለች።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ካንቺ በፊት ጀምሮ።” ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። “ሐኪም ቤት ከሄድኩ ደም ይቀዳሉ፣ ይወጋሉ ብዬ ደበቅሁት። አንቺን ስከለክል ለራሴም ነበር የምከላከለው።”

አልተቆጣሁም። ስንት ቀን ልቆጣት አስቤ ነበር፤ የት እንደገባ አላውቅም። እጇን ይዤ ያንኑ ጤና ጣቢያ ገባን፤ ያቺው ሲስተር ነበረች። እህቴ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሌላ እጇ ጣቶቼን ሊሰብራቸው ደረሰ። በስመ አብ እያለች ዐይኗን ጨፈነች።

ሲስተር ደሙን ቀድታ ጥጥ አስያዘቻት።

“አለቀ፣ እትዬ።”

እህቴ ዐይኗን ገለጠች። ክንዷን አየች፤ ጥጡን አንሥታ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ የደም ነጠብጣብ አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ይቺ ናት?” አለች። “ይቺ ናት እህቴን ልታሳጣኝ የነበረችው?”